ከቤት ግንባታ የሚወጣ የሒሳብ ጥያቄ ፈልጌ ነበር፤ ቀመሩን ሳይሆን ስህተታችሁን ንገሩኝ

መምህሩ ከሽምብጥ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ 9ኛ ክፍል። ጠመኔ ከያዝኩ 14 ዓመቴ።

ዘንድሮ ክረምቱ ወጣ ሲል እናቴ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ጀመርኩ። 6 በ4፣ በብሎኬት። ትንሽ ናት። ለመምህር ደሞዝ ግን ቤተ መንግሥት ናት። ገንዘቡ ስለማይበቃ የቻልኩትን ራሴ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። መሠረቱን መቀየስ ደግሞ ለሒሳብ አስተማሪ ምን አላት?

ከትምህርት ቤት የእንጨት ጎነ ሦስት ማስመሪያ ይዤ መጣሁ፤ ሰሌዳ ላይ የምንጠቀምባትን። ችካል ተከልኩ፣ ሲባጎ ወጠርኩ፣ ጥጉ ላይ ማስመሪያዋን አስደግፌ 90 ዲግሪ አልኩ። አምሮ ነበር። ፎቶ ሁሉ አንስቻለሁ።

በማግስቱ ግንበኛው መጡ። ሠፈሩ ጋሽ ቱንቢ ነው የሚላቸው፤ ከ60 ዘለል ብለዋል። ሲባጎውን ቆመው አዩት። ምንም አልተናገሩም። ሜትር አውጥተው አንዱን ጫፍ አስያዙኝና ከጥግ ወደ ጥግ ለኩ። 7 ሜትር ከ24። ከዚያ ሌላኛውን ከጥግ ወደ ጥግ። 7 ሜትር ከ18።

«መምህር፣ ቤትህ ያነክሳል» አሉኝ።

ቀጠሉ። «በዚህ 3 ሜትር ላይ ምልክት አድርግ። በዚያ 4 ሜትር ላይ። አሁን ከምልክት ወደ ምልክት ልክ 5 እስኪመጣ ችካሉን ግፋ።» ገፋሁ። 5 መጣ። ጥጉ ተስተካከለ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ፓይታጎረስን 14 ዓመት ሙሉ አስተምሬያለሁ። ሰሌዳ ላይ 3 እና 4 ስጡኝ፣ ሳታስጨርሱኝ 5 እላለሁ። ጭቃ ላይ ተጋድሞ ሳገኘው ግን አላወቅኩትም።

ማታ ቁጭ ብዬ ለምን እንደተሳሳትኩ አሰብኩ። ማስመሪያዋ 60 ሴንቲ ናት። ተማሪ ሲጥላት ስለኖረች 6 ሚሊ ያህል ጠማለች። 60 ሴንቲ ላይ 6 ሚሊ፣ 6 ሜትር ላይ 6 ሴንቲ። ተመሳሳይ ጎነ ሦስቶች ብዬ የማስተምረው ይኸው ነው። የባሰ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የጠመመውን ቤት ስፋት አሰላሁት። 24 ካሬ መሆን የነበረበት 23.999 ሆነ። ምንም አልጎደለም ማለት ነው! ፈተና ላይ «ስፋቱን ፈልግ» ብባል ሙሉ ነጥብ አገኛለሁ። ሴራሚክ ሲነጠፍ ግን የመጨረሻው ረድፍ በአንድ ጫፍ 6 ሴንቲ ቁራጭ ይፈልጋል፣ በሌላው ጫፍ ምንም። ስፋቱ ዝም ያለውን ሴራሚኩ ይናገራል።

በዚህ አላበቃሁም። ብሎኬት ላይም ተያዝኩ። ዙሪያው 20 ሜትር፣ ቁመቱ 2.80፣ 56 ካሬ። በርና ሁለት መስኮት 4.77 ቀነስኩ። አንድ ካሬ 12 ብሎኬት ተኩል ይበላል። 640 ብሎኬት ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ቱንቢ ወረቀቱን አዩና «ጥጉ ለሁለቱም ግድግዳ ነው እንዴ የሚገዛለት?» አሉ። እውነትም ግድግዳው 20 ሴንቲ ውፍረት አለው። እኔ አራቱንም ጥግ ሁለት ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። 28 ብሎኬት ትርፍ። (ሲራገፍ የሚሰበር አይጠፋም ብለው ግዛው አሉኝ። ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሳቸው አውቀው ነው የሚያስተርፉት፣ እኔ ሳላውቅ።)

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ለተማሪዎቼ ከእውነተኛ ቤት የወጡ አምስት ስድስት ጥያቄዎች ላዘጋጅ አስቤያለሁ። መጽሐፉ ላይ ያለው ጥያቄ የሚያስፈልገው ቁጥር ሁሉ ተሰጥቶታል። የማያስፈልግ ቁጥር ደግሞ አንድም የለበትም። ተማሪው የሚያስበው የትኛውን ላባዛ፣ የትኛውን ላካፍል ብቻ ነው። ቤት ላይ ቁጥር የሚሰጥህ የለም። ምኑን ልለካ የሚለውን ራስህ ነህ የምትወስነው። እኔ የወደቅኩት እዚያ ላይ ነው።

ቀመር አትጻፉልኝ፤ ቀመሩ አለኝ። የተሳሳታችሁትን ንገሩኝ። ገንዘብ ያስከፈላችሁ ስህተት ከሆነማ በጣም ጥሩ።


የግንበኛ ልጅ

መምህር፣ ጽሑፍህን ለአባቴ አነበብኩላቸው። ግንበኛ ናቸው፤ እኔ ሳልወለድ ነው የጀመሩት። ሞባይል ላይ መጻፍ ስለማይወዱ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

«መምህር፣ አትፈር። እኛም ሰሌዳ ፊት ስንቆም እንደዚያው ነበርን። ለልጆቹ ስለ ሳጥን ንገራቸው። አሸዋና ጠጠር የምንሰፍርባት የእንጨት ሳጥን አለች። አፏ 50 በ40 ነው፤ ይኼን ሁሉም ያውቃል። ጠቡ ቁመቷ ላይ ነው። አንዱ አናጺ 20 ያደርጋታል፣ ሌላው 18። 2 ሴንቲ ምን አላት ይልሃል። ሲሚንቶው በከረጢት ነው የሚገባው፣ አይሰፈርም። አሸዋው በሳጥን ነው። ሳጥኗ ከከረጢቱ ከበለጠች ሲሚንቶህ ሳታውቀው ቀጠነ።»

እኔ ደግሞ ካልኩሌተር አወጣሁ። ባለ 18ቷ 36 ሊትር ትይዛለች፣ ባለ 20ዋ 40 ሊትር። 50 ኪሎ ሲሚንቶ 35 ሊትር ያህል ነው። በባለ 18ቷ 1 ለ2 ለ3 (1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር) ብለህ ብታቦካ እውነትም ወደ 1 ለ2 ለ3 ትጠጋለህ። በባለ 20ዋ ግን 1 ለ2.3 ለ3.4 ይሆናል። ይኼን ለአባቴ ስነግራቸው «ታዲያ እኔ ምን አልኩ?» አሉኝ።

ገንዘብ ያስከፈለ ስህተት ላልከው ደግሞ ይኼውልህ።

«የሽንት ቤት ቱቦ ነበር። ከቤቱ እስከ ጉድጓዱ 12 ሜትር። በ100 ሜትር 2 ሜትር መውረድ አለበት ይባላል። ስለዚህ በ12 ሜትር 24 ሴንቲ። ልኩን ያወጣሁት በጎማ ውሃ ልክ ነው፤ ውሃ በተሞላ ጎማ። ጎማው ውስጥ አየር እንደገባ አላየሁም። አየር ከገባ ውሃ ይዋሻል። 15 ሴንቲ ሰረቀኝ። 24 ያልኩት 9 ሆኖ ተቀበረ። ባሕር ዳር ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ሜዳ ነው። መሬቱ ራሱ አያግዝህም። በዓመቱ ተደፈነ። ቆፍሬ አወጣሁት፣ በራሴ ወጪ። የቤቱ ባለቤት አንዲት እናት ነበሩ፤ ምንም ቃል አልወጣቸውም። ያ ነው የባሰ ያሳፈረኝ።»

ከዚያ ወዲህ ጎማውን ውሃ ሲሞሉ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፍ ጎን ለጎን ይይዙና ውሃው እኩል መቆሙን ያያሉ። እኩል ካልሆነ አየር አለ። ለተማሪዎችህ ይኼን አሳያቸው። ጎማና ባልዲ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።


የሳይት መሐንዲሷ

ጥጉ ላይ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) የሚቆም ከሆነ ጥጉን አንዴም አትቆጥረውም። ሌላ 28 ቀንስ።

እኔ ፖሊ ነው የተማርኩት፤ ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የተሰጠኝ ኃላፊነት ፌሮ (የአርማታ ብረት) መረከብ ነበር። ፎርማኑ «ውፍረቱን በራሱ አባዢና ለ162 አካፍዪ፣ የሜትሩ ኪሎ ይመጣልሻል» አለኝ። ለ12 ሚሊ ፌሮ 144 ሲካፈል ለ162፣ 0.889 ኪሎ። አንድ ቤርጋ (አንድ ሙሉ ዘንግ) 12 ሜትር ስለሆነ 10 ኪሎ ከ670 ግራም ገደማ። ሁሉም ሳይት ላይ ይኼን ቁጥር በቃሉ ያውቃል። ከየት እንደመጣ ስጠይቅ ግን «ድሮም 162 ነው» አሉኝ።

ማታ ሠራሁት። የፌሮው አፍ ክብ ነው። ስፋቱ ፓይ ሲባዛ በውፍረቱ ካሬ ሲካፈል ለ4። የብረት ክብደት በሜትር ኪዩብ 7,850 ኪሎ። ሚሊውን ወደ ሜትር ቀይረህ ሁሉንም ስታባዛ 0.006165 ይወጣል። አሁን 1ን ለዚህ አካፍል። 162.2! ደስታዬን የማካፍለው ሰው አጥቼ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ጥቅሙ የታየው ከሳምንት በኋላ ነው። «12 ሚሊ» ተብሎ የመጣ ፌሮ ዓይኔ አልወደደውም። 1 ሜትር አስቆርጬ አስመዘንኩት። 889 ግራም መሆን ሲገባው 750 አካባቢ ሆነ። ወደ ኋላ ሳሰላው ውፍረቱ 11 ሚሊ ነው። አቅራቢው «1 ሚሊ ብቻ ነው እኮ የኔ እህት» አለኝ። እሱ 12 እና 11ን ነው የሚያየው። እኔ 144 እና 121ን ነው የማየው። ውፍረቱ 8 በመቶ ሲቀንስ ብረቱ 16 በመቶ ይቀንሳል። ተመለሰ።

ተማሪዎችህ «ካሬ» የሚለውን ነገር የሚፈሩት እንዲህ ሆኖ ስላላዩት ይመስለኛል።

አሸዋን ግን ተጠንቀቅ። መኪናውን ሳይራገፍ ለካው። ርዝመት በወርድ በቁመት። «16 ኪዩብ» የተባለ መኪና ለክቼ 5.40 በ2.30 በ1.10 ያገኘሁበት ቀን አለ፤ 13 ኪዩብ ከ66 ማለት ነው። በዚያ ላይ እርጥብ አሸዋ ያብጣል። እርጥበቱ ቅንጣቶቹን ስለሚያራርቃቸው ይዘቱ በ20 በመቶና ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። አሸዋ የገዛህ ይመስልሃል፣ ክፍተት ነው የገዛኸው። መሬትህ ጥቁር አፈር ከሆነ ቁፋሮውም እንደዚሁ ነው። ጉድጓዱ 9.6 ኪዩብ ከሆነ ሲቆፈር ስለሚላላ ወደ 12 ኪዩብ ተኩል ታስጭናለህ። ብዙ ሰው የጉድጓዱን ልክ ይዞ ነው ባለ መኪና የሚያነጋግረው።


ሀቁን ልናገር

ይቅርታ አድርግልኝ መምህር፣ ደስ የሚል ወሬ ነው። ግን ይኼ ማባዛትና ማካፈል ነው። ልጆቹ የሚፈተኑት ፈንክሽንና ሎጋሪዝም ነው። ፈተናው ላይ ብሎኬት አይመጣም። ሳጥን ስታስለካቸው ምዕራፉ ሳያልቅ ሰኔ ይደርሳል። ወላጅ ደግሞ አንተን ነው የሚጠይቀው፣ ጋሽ ቱንቢን አይደለም።


መምህሩ ከሽምብጥ

እውነትህን ነው፤ ምዕራፉ ያስጨንቀኛል። ግን እኔ ፈተናውን ሁሉ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ሲባጎዬን ደግሞ አንብበኸዋል። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው የምሰጠው፤ እሱንም ከራሴ የምሳ ሰዓት ላይ።

የሳይት መሐንዲሷ፣ 162ን ለባልደረቦቼ አሳየኋቸው። አንዱ የፊዚክስ አስተማሪ እስካሁን ናፕኪን ላይ እያሰላ ነው።


ከዘጌ

እኔ ግንበኛም መምህርም አይደለሁም፤ የቡና ሰው ነኝ። ግን ሁላችሁም ስለ አራት ማዕዘን ብቻ ስታወሩ ገረመኝ። እኛ ጋ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ሰው ክብ ምን እንደሆነ ያውቃል። ውጪው ክብ፣ መካከል ላይ ያለው መቅደስ ደግሞ አራት ማዕዘን።

አያቴ ጎጆ ሲቀይሱ አይቻለሁ። መካከል ላይ እንጨት ይተክላሉ። ገመድ ያስራሉ። ገመዱን ወጥረው በጫፉ መሬቱን እየጫሩ ይዞራሉ። አለቀ። ማዕዘን የለ፣ ማነከስ የለ።

መምህር፣ ያንተ ቤት ዙሪያው 20 ሜትር ነው፣ 24 ካሬ ያቅፋል። በ20 ሜትር ግድግዳ 5 በ5 ብትሠራ 25 ካሬ ነው። በዚያው 20 ሜትር ክብ ብትሠራስ? ገመዱ 3 ሜትር ከ18 ይሆናል፣ ስፋቱም 31.8 ካሬ። ያው ግድግዳ፣ ያው ጭቃ፣ ወደ 8 ካሬ ትርፍ! ጭድና እንጨት በሸክም ለሚያመጣ ሰው ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። አያቴ ፓይ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም።

ለምን ታዲያ ክብ አንሠራም ካልከኝ፣ አልጋ ክብ ግድግዳ ላይ አይጠጋም። ቆርቆሮም ክብ አይወድም፤ ግማሹ ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። ይኼንንም ጠይቃቸው፤ ክቡ የሚያተርፈውን ቆርቆሮው ይበላዋል ወይ?

ሌላም አለ። ክብ ውስጥ የሚገባው ትልቁ አራት ማዕዘን የክቡን ስንት እጅ ይይዛል? ወደ 64 በመቶ ነው። እኔ በገመድና በጠጠር ነው የሞከርኩት፤ 12ኛ ክፍል ያለችው እህቴ በሁለት መስመር ጨረሰችው። ከታች ያለችው እሷ ናት።


የዘጌው እህት፣ 12ኛ ክፍል

ወንድሜ ጠጠር ሲቆጥር ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል፤ ያንን አልጻፈም።

የኔ ስህተት ሮቶ ላይ ነው። ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ ለመሰብሰብ ፈልገን ስንት ሊትር እንደምናገኝ አስዪ ተባልኩ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው፤ ይኼን አውቃለሁ። ቆርቆሮው ላይ ወጣሁና ተዳፋቱን ለካሁ። አባቴ ታች ሆነው «ምን ታደርጊያለሽ እዚያ?» አሉኝ። «ስፋቱን እየለካሁ ነው።» «ዝናቡ በተዳፋት ነው እንዴ የሚወርደው?» አሉኝ።

ልክ ናቸው። የሚቆጠረው ፀሐይ ልክ አናት ላይ ስትሆን ጣሪያው መሬት ላይ የሚጥለው ጥላ ነው። ጣሪያው ቢቆምም ቢተኛም ጥላው እኩል ከሆነ ውሃው እኩል ነው። የመምህርን ቤት ወስጄ ሠራሁት፤ በየጎኑ 40 ሴንቲ ክፈፍ ቢወጣ 6.80 በ4.80፣ 32.64 ካሬ። 30 ሚሊ የሚጥል አንድ የሐምሌ ዝናብ 979 ሊትር። ባለ 2,000 ሮቶ ከሆነ ግማሹ ሞላ። ከሚረጨውና ከሚፈሰው ጥቂት ቀንሱለት። መሰላል መውጣት አያስፈልግም ነበር።


መምህሩ ከሽምብጥ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ባለፈው ሳምንት የግንበኛው ልጅ የነገረንን ዓይነት ሳጥን ይዤ ክፍል ገባሁ። እውነተኛ ሳጥን ነው፣ ከነሲሚንቶ ፍርፋሪው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «በዚች ሳጥን 1 ለ2 ለ3 ይቦካል ወይ?» ብዬ ብቻ ጠየቅኩ። ሜትር አልሰጠኋቸውም። ዝም አሉ። አንዱ «ቲቸር፣ ቁጥሩ የታለ?» አለ። ሌላው ጥያቄው አልተሟላም አለኝ። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ምንም ሳንጽፍ ሊያልቅ ሲል ከኋላ የምትቀመጥ፣ በዓመቱ እጇን አንስታ የማታውቅ ልጅ መጣችና በስንዝሯ ለካችው። ከዚያ ስንዝሯን በማስመሪያ ለካች። 19 ሴንቲ ሆነ። «ቁመቷ ከአንድ ስንዝሬ ትንሽ በልጣለች፣ ባለ 20ዋ ናት» አለች። ተደወለ፤ ማንም አልተነሳም። ሀቁን የምትናገረው ወንድሜ፣ ምዕራፉ እንዳለ ነው፣ አልዋሽህም።

ዓርብ ደግሞ ጋሽ ቱንቢን ጋበዝኩ። በሩ ላይ ቆመው «ጫማዬን ላውልቅ?» አሉ። እንዲገቡ ለመንኳቸው። ሰሌዳውን እንደ ሰው ዞር ብለው አዩትና ወደ ወለሉ ተመለሱ። ሁለት ልጆች ጠርተው የሜትሩን ጫፍ አስያዙ። ክፍላችን 8 በ5 ነው። ከጥግ ወደ ጥግ 9 ሜትር ከ43 መምጣት እንዳለበት ልጆቹ አስቀድመው በደብተር አስልተዋል። በአንዱ በኩል 9 ከ41 መጣ። በሌላው 9 ከ46።

40 ልጅ አንድ ላይ «ያነክሳል!» ብሎ ጮኸ።

ጋሽ ቱንቢ ሜትሩን ቀስ ብለው ጠቀለሉ። ጣሪያውን አዩ፣ ጥጉን አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «ይኼንንም አስተማሪ ነው የቀየሰው?» አሉኝ።